ትሏን ያዘጋጀ ማን ነው?
በተባይ ወራት ስለሚገባን ሥራ የተጻፈ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በየዓመቱ በጾመ ነነዌ የነቢዩ የዮናስ መጽሐፍ ሲነበብ ሁላችንም ትልቁን ዓሣ አንበሪ እናስታውሳለን። በመጽሐፉ መጨረሻ፣ በምዕራፍ አራት ላይ ያለችውን ትንሽ ትል ግን ብዙዎቻችን ሳናያት እናልፋለን። መጽሐፉ እንደሚነግረን እግዚአብሔር ዓሣውን አዘጋጀ፤ ለዮናስ ጥላ የሆነችውንም ቅል አዘጋጀ፤ በማግሥቱም ጎሕ ሲቀድ ያችን ቅል የምትበላ ትል አዘጋጀ። እንግዲህ ትሏ ባለቤት የሌላት አይደለችም። ዓሣውን ያዘዘ ጌታ እርሷንም አዝዟል።

ይህን ስናነብ በእኛ አገር በቀወትና በይፋት ቆላ ለምንኖር ወጣቶች አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣብናል። ይኸውም፦ ትል እንኳ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሚሄድ ከሆነ በማሽላችን ላይ የሚወርደው ተባይ ምንድን ነው? ቁጣ ነውን? ቁጣስ ከሆነ ማሳው የተበላበት ሰው ከሌላው ይልቅ በደለኛ ነውን? እኛስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥን? ወይስ ያገኘነውን መርዝ ይዘን በክንፍ የሚበረውን ሁሉ እንግደልን? ዛሬ በዚህ ነገር ላይ በእግዚአብሔር ቸርነት ጥቂት እንነጋገራለን።

እንደሚታወቀው ከጣርማ በር ወርደን፣ ደብረ ሲናን አልፈን ወደ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ አገሩ ይሞቃል፤ ከእግራችን በታች ያለው ምድር ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚያበቅል ነው። የብዙው ቤት እንጀራ ማሽላ ነው። ማሽላው ወተት የሚይዘው በመስከረምና በጥቅምት፣ ቤተ ክርስቲያናችን ስለ አበባ በምትዘምርበት በዘመነ ጽጌ አካባቢ ነው። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን ፍሬ በዐይኑ የሚያየው፣ ግን ገና በእጁ ያልጨበጠው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ደገዛም የምትመጣው ያን ጊዜ ነው።

ደገዛን የማያውቅ የቆላ ልጅ የለም፤ ጥቁር ገላ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያላት ጢንዚዛ ናት። ከ1985 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገራችን የማሽላ ቆላዎች ከባድ ጠላት ሆና ቆይታለች። በአንድ የማሽላ ራስ ላይ ብዙ ሆነው ይሰፍሩና ወተት የያዘውን ፍሬ ይመጡታል፤ የሚቀረው ገለባ ነው። ታዲያ አንዱ ሰው ማሳ ተበልቶ የጎረቤቱ ሲተርፍ በየመንደሩ ክፉ ወሬ ይነሣል። «እገሌ አሥራቱን ስላላወጣ ነው»፣ «እገሊት ተረግማ ነው» ይባላል። ይህ ወሬ ከጢንዚዛዋ ይልቅ ይጎዳል፤ ጢንዚዛዋ የበላችው የአንድ ዓመት እህል ሲሆን ወሬው የሚበላው የሰውን ክብር ነውና።

እስኪ የደገዛን ኑሮ እንመርምር። ሊቃውንት እንዳጠኑት ደገዛ በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ታወጣለች። በበጋው ወራት አፈር ውስጥ ገብታ ተኝታ ትከርማለች። ዝናብ በሰኔና በሐምሌ ሲጥል ከአፈር ትወጣለች፤ በዱር ዛፎችና በአበቦች ላይ እየተመገበች ትራባና እንቁላሏን በአፈር ውስጥ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ግን እህላችንን አይነካም። በዛፍ ጥላ ሥር ባለው ለስላሳ አፈር ውስጥ ሆኖ የረገፈውን ቅጠልና የበሰበሰውን ነገር እየበላ አፈሩን ያደቅቀዋል፤ ያለመልመዋልም። በመስከረም ጢንዚዛ ሆኖ ሲወጣ ነው ወደ ማሽላው የሚሄደው። ስለዚህ ያችው አንዲት ፍጥረት በልጅነቷ የምድር አገልጋይ፣ በጎልማሳነቷ የማሽላ ጠላት ናት። ከፍጥረቷ ክፉ ናት ልንል አንችልም፤ ቁጥሯ ከልክ ባለፈና እኛ የዘራነው በመንገዷ በተገኘ ጊዜ ግን ረኃብን ታመጣለች።

አሁን ደግሞ ዐይናችንን ከማሳው ላይ አንሥተን በወንዝ ዳር ወዳለው ሾላ እንመልከት። ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበት ዛፍ ሾላ እንደ ነበረ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ተጽፏል። የሾላ አበባ አይታይም፤ ፍሬ የምንለው እርሱ ራሱ አበቦቹን በውስጡ ሸሽጎ ይይዛል። ወደዚያ የምትገባ አንዲት ተርብ መሳይ ነፍስ አለች፤ መጠኗ ከጤፍ ቅንጣት ብዙ አይበልጥም። በጠባቧ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ ይቆረጣል። ከውጭ ያመጣችውን የአበባ ዱቄት በአበቦቹ ላይ ትረጫለች፤ በአንዳንዶቹም አበቦች ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከዚያም እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ የዛፉን የዘር ክፍል እየበሉ ያድጋሉ፤ ሴቶቹም በጊዜያቸው ዱቄቱን ተሸክመው ወደ ሌላ ሾላ ይበራሉ። ዛፉ ከዘሩ ጥቂቱን ያበላቸዋል፤ እነርሱም ቀሪውን ዘር ፍሬያማ ያደርጉለታል። ያለዚህች በላተኛ ሾላው ዘር የለውም፤ ያለ ሾላው ደግሞ እርሷ ቤት የላትም። የሾላውን ፍሬ የሚጠባበቁት ወፎች፣ ጦጣዎች፣ የሌሊት ወፎችና ከብት ጠባቂ ልጆችም ጭምር ይህችን ትንሽ ነፍስ ሊያመሰግኑ ይገባቸዋል።

ይህ ነገር የቅዱሳት መጻሕፍትንም አንድ ቦታ ያበራልናል። ነቢዩ አሞጽ ከእረኝነቱ ሌላ የሾላ ባለሙያ እንደ ነበረ በትንቢቱ ምዕራፍ 7 ነግሮናል። መተርጕማን ሥራው የሾላውን ፍሬ በስለት መብጣት እንደ ነበረ ያስረዳሉ። በግብፅና በእስራኤል ምድር ያች ተርብ መሳይ ነፍስ ስለሌለች ፍሬው እንዲበስል የሰው እጅ እየበጣ ይደክም ነበር። በእኛ አገር ግን ይህን ሥራ እግዚአብሔር ለትንሿ ፍጥረት ሰጥቷታል። አንድ ነቢይ በስለት ይደክምበት የነበረውን ሥራ ማንም ሳያያት በየሾላው ታከናውነዋለች።

ሦስተኛ ምሳሌ እንጨምር። በመንገድ ዳርና በማሳ ውስጥ የሚበቅለውን፣ ነጭ አበባ ያለውን ቅንጨ አረም ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። አገሩ አሜሪካ ነው፤ በኢትዮጵያ የታየው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ነው። አንዱ ተክል ከዐሥር ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፤ ሲነኩት ቆዳ ያሳክካል፤ የበላችው ላም ወተቷ ይመርራል። ከአገሩ ሲወጣ ቅጠሉን የሚበሉት ነፍሳት አብረውት ስላልመጡ ልጓም የሌለው ፈረስ ሆነ። ሊቃውንትም ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ሜክሲኮ ሄደው ቅጠሉን የምትበላ ጢንዚዛ አገኙ። ሕንድ በ1984 እ.ኤ.አ. በምድሯ ለቀቀቻት። በእኛም አገር በመጀመሪያ በአምቦ በጥብቅ ማቆያ ውስጥ ሆና ተመረመረች። ኑግ ለዚያ አረም የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ኑጋችንን ትበላብን ይሆን ተብሎ በጥንቃቄ ተፈተነች። ከዚያም በወለንጪቲ አካባቢ ተለቀቀች። ቅጠል መብላቷ ስለ ጠቀመን በእንግድነት የተቀበልናት ጢንዚዛ ይህች ናት።

እንግዲህ ሦስቱም ተክል በል ናቸው። አንዷ ማሽላችንን ትበላለች፤ አንዷ ሾላውን እየበላች ታበዛዋለች፤ አንዷ አረሙን እየበላች ማሳውን ታስለቅቃለች። በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ያለውን ዛፍ ሁሉ ብናይም እንዲሁ ነው። ቅጠሉ በትል ያልተበሳ ወይራና ግራር አይገኝም፤ ዛፉ ግን በዚህ አይሞትም። ከትሉ የሚወድቀው እዳሪ አፈሩን ያዳብራል። ወፎችም ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት ያንኑ ትል እየለቀሙ ነው። ዳዊት በ103ኛው መዝሙሩ ፍጥረት ሁሉ ምግቡን በየጊዜው ከእግዚአብሔር እጅ ተስፋ እንደሚያደርግ ሲናገር ትሉን ለይቶ አላስወጣም። ትሉም በዚያ ማዕድ ድርሻ አለው። ጉዳት የሚሆነው ልኩ ሲፈርስ ነው።

ልክ ሲፈርስ ምን እንደሚመስል በዘመናችን አይተናል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ የባሕር ዐውሎ ነፋሶች በዓረብ በረሃ ላይ ያልተለመደ ዝናብ ጣሉ። አሸዋው ለመለመ፤ የበረሃ አንበጣም ማንም በማይደርስበት ቦታ ተራባ። በየመንና በሶማሊያ በኩል አልፎ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ አገራችን ገባ፤ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የምሥራቅ አማራን ቆላዎች፣ አፋርን፣ ትግራይን፣ ሶማሌንና ምሥራቅ ኦሮሚያን አስጨነቀ። በአገራችን ለ25 ዓመት ያህል እንዲህ ያለ አልታየም ነበር። አንድ አንበጣ በቀን የራሱን ክብደት ያህል፣ ይኸውም ሁለት ግራም ገደማ ይበላል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሰፈረ መንጋ ግን 35 ሺህ ሰው በቀን የሚበላውን ያህል እህል ይጨርሳል። ከዚያ በፊትም በ1958 እ.ኤ.አ. አንበጣ በኢትዮጵያ 167 ሺህ ቶን እህል እንዳጠፋ ተመዝግቧል፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሰው ለዓመት የሚመግብ ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛ፤ ማሳው በተበላበት ሰው ላይ አንፍረድ። በዓረብ በረሃ በጣለ ዝናብ የተራባውን አንበጣ በአንዲት መበለት ማሳ ላይ ስላረፈ የእርሷ ኀጢአት ያመጣው ነው የሚል ማነው? ደገዛም የምትራባው በዱርና በየዛፉ ሥር ነው፤ የምታርፈው ደግሞ ማሽላው ወተት በያዘበት ማሳ ነው። ቀድሞ የደረሰ ማሳ ቀድሞ ይበላል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ስለ ተገደሉት 18 ሰዎች ሲናገር ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረድቶ፣ ሰሚዎቹ ሁሉ ስለ ራሳቸው ንስሐ እንዲገቡ አስጠንቅቋል። ስለዚህ መቅሠፍት ሲመጣ ንስሐው የእኔ ነው፤ የጎረቤቴን ኀጢአት መቁጠር ግን ለእኔ አልተሰጠኝም። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የተወቀሱት አፋቸውን ከፍተው ስለ እግዚአብሔር ያልሆነውን በተናገሩ ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፤ ከመግደል በፊት እንለይ። ዛሬ መርዝ በየገበያው ይሸጣል። ሽንኩርትና ማሾ የምናለማ ወጣቶች ደግሞ መርጫውን በጀርባችን ተሸክመን የምንውል ነን። አንዳንዱ የመርዙን ጽሑፍ ሳያነብ፣ ተባዩ ምን እንደ ሆነ ሳይለይ፣ አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን ይረጫል። በእንዲህ ያለ ርጭት የሚሞተው ተባዩ ብቻ አይደለም። ተባዩን የሚበሉት ነፍሳት ይሞታሉ፤ በአበባ ላይ ያለችው ንብ ትሞታለች፤ ጠላቶቹ የሞቱለት ተባይ ግን ተመልሶ ይበዛል። ስለዚህ ወጣቱ የግብርና ባለሙያውን ይጠይቅ፤ አበባ ባለበትና ንብ በምትሠራበት ሰዓት አይርጭ፤ የመርዝ ዕቃ በሮቢ ወይም በጀውሃ ወንዝ አይጠብ፤ የመርዙንም ጀሪካን እናቱ ውሃ እንድትቀዳበት ወደ ቤት አይመልስ። አዳም በገነት ለእንስሳት ሁሉ ስም ማውጣቱ ፍጥረትን ለይቶ የማወቅ ሥራ ነበር፤ ያንን ሥራ ትተን መግደል ብቻ ከያዝን የአዳምን ሥልጣን ይዘን ጥበቡን ጥለናል ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ አብረን እንውጣ። የተባይ ነገር ለብቻ የማይቻል ነው። አንድ ገበሬ ማሳውን ቢያጠራ ደገዛ ከጎረቤቱ ማሳና ከዱሩ ተመልሳ ትመጣበታለች። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 30 ጠቢቡ አንበጣ ንጉሥ ሳይኖረው ተሰልፎ እንደሚሄድ ተናግሮ ያደንቃል። ተባዩ ተሰልፎ ሲመጣ እኛ በየግላችን ብንቆም እንዴት እንችለዋለን? የዓለም መንግሥታት እንኳ ይህን ተረድተዋል፤ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በ1962 እ.ኤ.አ. የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን በስምምነት ያቋቋሙት አንዱ አገር ብቻውን እንደማይችለው ስላወቁ ነው። ቀበሌያችንም ከዚህ ሊማር ይገባዋል።

ሥራውም ለእኛ ለወጣቶች የሚመች ነው። ደገዛ ጎሕ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳይሞቅ ቅዝቃዜ ያደነዝዛታል፤ ያን ጊዜ ከማሽላው ራስ ላይ በእጅ ለቅሞ ማጥፋት ይቻላል። የበሰለ ሙዝ ሽታ ስለሚስባት ሙዝ በተጨመረበት ወጥመድም ትያዛለች። ይልቁንም በሰኔና በሐምሌ፣ እንቁላሏን ከመጣሏ በፊት የተያዘች አንዲት ሴት ደገዛ በመስከረም ብዙ ሆና ትመጣ የነበረችው ናት። ሌላው ሰው ማሽላውን ዘርቶ ገና ስለ ተባይ በማያስብበት ወራት መነሣት አለብን ማለት ነው። ደቦ የአባቶቻችን ሥርዐት ነው፤ ለአረምና ለአጨዳ የምንጠራራውን ያህል ለዚህም እንጠራራ። በደቦውም ሃይማኖት አይጠየቅ። በይፋት የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ማሳ በአንድ ድንበር የተያያዘ ነው፤ ደገዛም ድንበሩን አታውቅም። ስለ ደጉ ሳምራዊ የተማረ ሰው ባልንጀራዬ ማነው ብሎ በማሳ ዳር አይቆምም። በመጀመሪያም ጉልበት ወደሌላቸው፣ ልጅ ወደሌላቸው ሽማግሌዎችና ወደ መበለቶች ማሳ እንሂድ።

ምናልባት አንዳንዱ፦ «ተባዩን እግዚአብሔር ከላከው መከላከል ከእግዚአብሔር ጋር መጣላት አይሆንምን?» ይል ይሆናል። አይሆንም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ ለሞት በተቃረበ ጊዜ አለቀሰ፣ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ሰማው። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ጸሎቱ ተሰምቷል ብሎ አልተቀመጠም፤ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ነህምያና ወገኖቹም ጠላት በከበባቸው ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ጸለዩ፤ ዘብም አቆሙ። ነቢዩ ኢዩኤል ስለ አንበጣና ስለ ኩብኩባ ሲናገር በመጀመሪያ ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን፣ ሕፃናቱንም ሳይቀር ለጾምና ለምሕላ ጠራ፤ ቀጥሎም አንበጣ የበላቸውን ዓመታት እግዚአብሔር እንደሚመልስ ተስፋ ሰጠ። ምሕላው ሥራውን አይከለክልም፤ ሥራውም ምሕላውን አያስቀርም። በቅዳሴያችን ስለ ዝናማትና ስለ ምድር ፍሬ የምንጸልየው ጸሎት ቅዳሜ በማሳ ላይ እጅና እግር ያገኛል።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት በዚህ ዓመት እንዲህ ብናደርግ መልካም ነው። ከሐምሌ ጀምሮ በየሠፈራችን በቡድን እንከፈል፤ እያንዳንዱ ቡድን አንድ አቅመ ደካማ ቤተሰብ ይያዝ፤ በመስከረምና በጥቅምት ከኪዳን ጸሎት በኋላ ፀሐይ ሳይበረታ ወደ ማሳው ይውረድ። «የእገሌ ማሳ በኀጢአቱ ተበላ» የሚል ቃል በማኅበራችን ውስጥ ከቶ አይሰማ። በቅጥራችን ያሉትን ዛፎችም ቅጠላቸው ተበሳ ብለን አንቁረጣቸው፤ ወፎቹ የሚሰፍሩት በእነርሱ ላይ ነውና።

ዮናስ በትሏ የተበላችው ቅል አሳዘነችው፤ ስለ ነነዌ ሰዎች ግን አላዘነም ነበር። እግዚአብሔር ትሏን ያዘጋጀው የዮናስን ልብ ከቅል ወደ ሰው ለመመለስ ነው። ቀኝና ግራቸውን ለማይለዩት ከመቶ ሃያ ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች፣ ለብዙ እንስሳትም ጭምር እንደሚራራ በመጨረሻ ነገረው። እኛም በማሽላችን ላይ ደገዛን ስናይ የጎረቤታችን ረኃብ ከእህላችን ይልቅ ቢያሳዝነን፣ ትሏ የተላከችበትን ትምህርት ተምረናል ማለት ነው።

በዝናሙ ምድርን የሚያረካ፣ ለታላቁም ለታናሹም ፍጥረት ምግቡን የሚሰጥ አምላካችን እግዚአብሔር የይፋትን ምድርና አገራችን ኢትዮጵያን ይባርክልን፤ ለወጣቶቻችንም አስተዋይ ልብና የማይሰንፍ እጅ ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።